ይድረስ ለደባሌ ለሙቀት

ጉዳዩ፦ ክፍል ስለመልቀቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ክቡርነትዎ ኪራይ ሳይከፍሉ፣ ውል ሳይፈርሙ፣ ደጅ ላይ እንኳ ሳያንኳኩ ከሥራ ክፍሌ ገብተው ከተደላደሉ ሰነባብተዋል። ክፍሉ ሦስት በሦስት የማይሞላ፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያለችው መሆኑን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኔም የምኖረው እዚያው ነው።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ላቤ ኪቦርድ ላይ እየተንጠባጠበ ማንን ነው የማከብረው?

ስማ። እኔ አኒሜሽን ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ። አኒሜሽን ያለ ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሠራሁትን ሥዕል በሥዕል አስልቶ ቪዲዮ ሳያደርገው፣ አይሆንም፤ ሬንደር ደግሞ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። አርቲኤክስ 3090 ገዛሁ። ነጋዴው ስለ ፍጥነቱ ሲያወራ አፉ ደረቀ፤ ስለ አንተ ግን ትንፍሽ አላለም። ካርዱ ብቻውን እስከ 350 ዋት ይበላል። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር፣ ስክሪኑና የቀረው ኮተት ሲጨመርበት 500 ያልፋል። ያ ሁሉ መብራት መጨረሻው አንተ ነህ። ቪዲዮው ውስጥ ተጠቅልሎ ለደንበኛው የሚላክ አንድም ዋት የለም። ደንበኛው ቪዲዮውን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ ከእኔ ጋር ትቀራለህ። የቆጣሪውን ካርድ የምሞላውም እኔው ነኝ።

አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ሬንደር በጀመርኩ ቁጥር አምስት እንግዶች ገብተው፣ በሩን ከኋላቸው ዘግተው፣ ግጥም ብለው ይቀመጡብኛል ማለት ነው። ያውም እንግዳ ደግ ነው፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ «መሸ» ብሎ ይሄዳል። አንተ መሸም ነጋም ብለህ አታውቅም።

ዘርህ ሲቆጠር እንኳ የትልቅ ሰው ልጅ ነህ። ቅድመ አያትህ በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከታየው፣ ኤኒያክ ከሚባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ጋር ነበር የሚኖረው። 18,000 ገደማ አምፖል መሳይ ቫክዩም ቲዩብ፣ 150 ኪሎዋት። ግን እሱ የራሱ አዳራሽ ነበረው፤ ድሃ ቤት ገብቶ አልተጋፋም። በኋላ ኮምፒውተር ቤታችን ሲገባም ዘመዶችህ አደብ ነበራቸው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም ፕሮሰሰር የሚወስደው 15 ዋት አካባቢ ነበር። ዛሬ ኮር አይ9 14900ኬ የሚሉት አንድ ፕሮሰሰር ሲበረታ 253 ዋት ይጠይቃል፣ አርቲኤክስ 5090 የሚሉት ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 575። ወለዳችሁ፣ ተባዛችሁ፣ ምድርን ሳይሆን ክፍሌን ሞላችኋት።

አዲስ አበባ መኖሬንም ተጠቅመህብኛል። ለሰው ስናገር «አዲስ አበባ ላይ ምን ሙቀት አለና!» ይሉኛል። የድሬዳዋ ዘመዶቼማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ነው የሚስቁብኝ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯም ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር ሲያዩት ያው ነው፤ ሲመዘን ግን ቀላል ነው፣ አንተን ተሸክሞ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ፋኑ ይጮሃል። ያለማቋረጥ። ውሃ እዚህ ከተማ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የእኔ ፕሮሰሰር 95 ገብቶም «ገና ነው» ይላል። 100 ሲደርስ ግን ነፍሱን ለማዳን ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያኔ ለጠዋት የተባለው ሬንደር ወደ ማታ ይዞራል፣ ደንበኛውም ይደውላል። «ኢንተርኔት አስቸግሮኝ ነው» እለዋለሁ። ስለ አንተ ብነግረው ማን ያምነኛል?

መስኮት ክፈት ትለኝ ይሆናል። ከፈትኩ። አከራዬ እትዬ ከጓሮ ሆነው አዩኝ። «ልጄ፣ ንፋስ መትቶህ ብትተኛ ማን ሊያስታምምህ ነው?» አሉ፤ ገብተውም በገዛ እጃቸው ዘጉት። በማግስቱ በተዘጋው ክፍል ፊቴ ቲማቲም መስሎ ስወጣ ደግሞ «ይሄማ ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹ። ሲከፈት ብርድ፣ ሲዘጋ ምች። እሳቸውን ልከራከር አልልም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ሳይሰደብ የወረደ ሰው ካለ እሱ ይከራከራቸው።

ክሱ ማስረጃ ካስፈለገው አለኝ። መብራት ሲጠፋ ይሆነኛል ብዬ ኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ አናት ላይ፣ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ወንፊት አጠገብ፣ አንድ ሻማ አቁሜ ነበር። መጀመሪያ ወገቡ ጎበጠ። ቀጥሎ አንገቱን ደፋ። አሁን ጫፉ ወንፊቱን ነክቷል። አንድ ቀን እንኳ አልተለኮሰም።

መድኃኒት ነን የሚሉትንም አየሁ። አንዱ ነጋዴ «የውሃ ማቀዝቀዣ አስገባበት» አለኝ። ውሃው አንተን ከፕሮሰሰሩ ያነሳና ራዲያተሩ ላይ ያወርድሃል፤ ራዲያተሩ ደግሞ መልሶ ክፍሉ ውስጥ። ፕሮሰሰሩ ዳነ፣ እሺ፣ እኔስ? ቬንቲሌተርም አለኝ፤ አንተን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያንሸራሽርህ ይውላል። ኤሲ ላስገባ ብል እሱም ራሱ መብራት ይበላል። ላንተ ማስገቢያ ከፍዬ ላንተ ማስወጫ ልከፍል?

አሁን ግን ድክመትህን አግኝቻለሁ። ቀለብህን ቀነስኩት። ካርዱን በሶፍትዌር 250 ዋት ላይ አሰርኩት፤ ሳንቲም አላስወጣኝም። ሬንደሩ ዘገየ፣ ግን ደንበኛው እንኳ ልብ አላለም። ለካ የመጨረሻዎቹ 100 ዋቶች ለፍጥነት ያላቸው ጥቅም ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ያንተ ቀለብ ነበር! ፋኖቹ ላይ የተጋገረውንም የመንገድ አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፤ ጨርቅ ጨርቅ የሚያህል ወጣ። ትልልቁን ሬንደር ደግሞ ለሌሊት አደረግሁት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚቆነድድ ታውቃለህ። እትዬ ይተኛሉ። መስኮቱ ወለል ይላል። ቬንቲሌተሩም ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ አንተን እየገፋ ያድራል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም። እትዬ ባለፈው ነሐሴ የልጅ ልጃቸውን ካልሲዎች ከኬዙ ጀርባ ደርድረው፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ብድግ ስል «ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እኚሁ ሴትዮ ኪራይ የሚጨምሩ ወይም የሚተዉ ናቸው፤ ይህንንም ከግምት ማስገባት ግድ ይላል።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ጊዜ ጀምሮ ክፍሉን ለቀህ እንድትወጣ፣ ሐምሌ 1 ቀን ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሳታረፍድ እንድትገኝ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከቀዝቃዛ ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእትዬ፣ ካልሲዎቹን በሚመለከት
ለቬንቲሌተሩ፣ ፊቱን ከመስኮቱ እንዳያዞር