የሰመጡትን ስም ማን ይዟል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለእኔም ነው።

ሎስ አንጀለስ ያለን ሐበሾች ፌርፋክስ መንገድ ላይ ክትፏችንን በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ አገር ቤት ደርሰን የመጣን መስሎን እንመለሳለን። ከዚያ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ዌስትሚንስተር የምትባል ከተማ አለች። የቬትናሞች ሰፈር በሏት። መካነ መቃብሯ ውስጥ በውሃ መሃል የቆሙ የነሐስ ሰዎች አሉ። በባሕር ሲሸሹ ላለቁት ቬትናማውያን የተሠራ መታሰቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመረቀ። ሐውልቱ እንደማንኛውም ሐውልት ነው። እኔን ያስቆመኝ ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ነው። ስም ተቀርጾበታል። በሺዎች የሚቆጠር ስም።

አንዲት አሮጊት ከአንዱ ድንጋይ ሥር ቁጢጥ ብለው አየሁ። በመሐረብ አንድ መስመር ይወለውላሉ። አንዷን መስመር ብቻ። ከዚያ ሦስት ዘንግ ዕጣን ለኮሱ፣ ሁለት ብርቱካን አስቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እነሱ ዘንድ መቃብር ያጣ፣ ዕጣን የሚያጤስለት የሌለው ሙት ነፍሱ ስትንከራተት ትኖራለች ይባላል። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ተዝካሩ ያልወጣለት ልጅ እናት እንዴት እንደምትሆን የማያውቅ ማን አለ?

የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን እ.ኤ.አ. በ1975 በኮሚኒስቶች እጅ ከወደቀች በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው ከቬትናም በጀልባ ወጥቶ ሌላ አገር ደርሷል። ያልደረሰውን አንድ በአንድ የቆጠረ የለም፤ ግምቱ በመቶ ሺዎች ነው። ማዕበል በላቸው፣ ጥም በላቸው፣ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ወንበዴ በላቸው። ቢዶንግ የምትባለው የማሌዥያ ደሴት ስፋቷ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን 40,000 ያህል ስደተኛ ታጭቆባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያ የኖሩ ሰዎች ተመልሰው የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙ። የቬትናም መንግሥት ተቆጣ። ማሌዥያም ድንጋዩን አስነሣች፤ ኢንዶኔዥያም ጋላንግ ደሴት ላይ የቆመውን እንዲሁ። ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ካፕ አናሙር የተባለች መርከብ ከባሕር ያወጣቻቸው፣ ሃምቡርግ ወደብ ላይ የምስጋና ድንጋይ አቆሙ። የዌስትሚንስተሩም እ.ኤ.አ. በ2009 ቆመ።

አውቃለሁ፣ «እነሱ ይስማማሉ፣ እኛ አንስማማም» ልትሉ ነው። ተዉት እባካችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ዌስትሚንስተር ውስጥ አንድ የቪዲዮ ቤት ባለቤት የኮሚኒስቶቹን መሪ የሆ ቺ ሚንን ፎቶ ሰቀለ ተብሎ ከተማዋ ለሳምንታት በሰልፍ ተናውጣለች። በባንዲራ ይጣላሉ። በፎቶ ይጣላሉ። እንደ እኛው ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ መታሰቢያው የቆመው በዚያችው ከተማ ነው።

እኛስ?

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን ዳርቻ 150 ገደማ ሰው የጫነች ጀልባ ተገለበጠች። አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። ከ60 በላይ ሞቱ። እኛ ሻማ ለጠፍን፣ ፕሮፋይላችንን አጠቆርን፣ «ነፍስ ይማር» ጻፍን፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቲክቶካችን። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. ጅቡቲ፣ ጎዶሪያ አካባቢ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባ እንደሰጠመ የሚያስታውስ አለ? ያውም ከየመን ተመላሾች ነበሩ። ወደ ቤታቸው ፊታቸውን ያዞሩ ልጆች። በእጃችን ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩንም የነገረን የውጭ ድርጅት ነው።

ቤተሰብ ደግሞ አያለቅስ ነገር መርዶ የለ፣ አይጽናና ነገር ልጁ የለ። ደላላው ስልክ አያነሣም። እናት በር በሩን ታያለች።

ሰነፎች ብንሆን ኖሮ አልቆጣም ነበር። እኛ እኮ አንድ ሰው እዚህ ሲሞት ሬሳውን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ጎፈንድሚ የምንሞላ ሰዎች ነን። በየከተማው እድር አለን። በየእድሩ ጸሐፊ አለ፣ ደብተር አለ፣ ያልከፈለ የሚቀጣበት መዝገብ አለ። የሁለት ወር መዋጮ ያልከፈለውን ሰው ስም ከነስልኩ እናውቃለን። ሬሳው ላልተገኘ ልጅ ግን አንድ መስመር አልጻፍንም። ይሄ ያሳፍራል።

ሐውልት እናቁም አላልኩም። ሐውልት ካልን ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሊቀመንበሩ ማን ይሁን ይባላል፣ ባንዲራው የቱ ይሁን ይባላል፣ ኮሚቴው ለሁለት ይከፈላል። ስሙ ይቅደም። ስም ከነአባት። ከየት ቀበሌ ወጣ? መቼ ወጣ? በጅቡቲው ኦቦክ ነው በሶማሊያው ቦሳሶ? የወሎውም፣ የሐረርጌውም፣ የአርሲውም፣ የትግራዩም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ደብተር ላይ። ባሕሩ ሲውጣቸው መታወቂያ አልጠየቃቸውም።

እኔ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ሦስት ስም አለኝ። ሁለቱ ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ኳስ እየተጫወትን አብረን ያደግን የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የማውቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው። ከሰመጠ ስድስት ዓመቱ ነው። የነገረኝ አብሮት ተሳፍሮ የተረፈ ልጅ ሲሆን፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዤው ተቀምጫለሁ። ትናንት ማታ የአባቱን ስም ልጠይቅ ሰፈር ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ሳቀብኝ።

«እሱ እኮ ሳውዲ ነው» አለኝ፣ «አልሰማህም እንዴ?»