በብርዱ ማሳበብ ይብቃ

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎች ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ከቢሉ ጋር ያችኑ ማሳሰቢያ ልከዋል። ብርዱ ስለጠና ፍጆታችሁ ጨምሯል፤ የገበያው ዋጋም ወጥቷል፤ ከቤት ስትወጡ ቴርሞስታቱን ዝቅ አድርጉ ይላል። ቢሉ በአንድ ወር እጥፍ ለሆነበት ቤተሰብ የተሰጠው መልስ በቃ ይኸው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይሉታል ይህ ነው።

እስቲ ከምክሩ እንጀምር። በጋዝ ማሞቂያ ለሚሞቅ ቤት ምክሩ ይሠራል። ግን በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ብዙ አፓርታማዎች የሚሞቁት በሂት ፓምፕ ነው። ሂት ፓምፕ ሙቀቱን ከውጭው አየር ስቦ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት የሁለት ወይም የሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ከጎኑ ግን በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ተገጥሞለታል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ኪሎዋት ይበላል፤ የሚሰጠውም ሙቀት የበላውን ያህል ብቻ ነው። ተራ ቴርሞስታት በታዘዘው ዲግሪና በክፍሉ ሙቀት መካከል የሁለት ሦስት ፋራናይት ልዩነት ሲያይ ይህን ሽቦ ያስነሣዋል። ጠዋት ወደ 60 አውርዶ ማታ ወደ 68 የሚመልስ ሰው የ8 ዲግሪ ልዩነት ሰጠው ማለት ነው። ባለ10 ኪሎዋቱ ሽቦ ሁለት ሰዓት ቢግል 20 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ፤ ቀን የተቆጠበውን ማታ መልሶ በላው። ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ዲግሪውን አንድ ቦታ ይተወው፤ ዝቅ ቢያደርግም ከሁለት ዲግሪ አይለፍ። ስክሪኑ ላይ «ኤም ሂት» የሚል ከታየ ደግሞ ዋናው ፓምፕ ጭራሽ ቆሟል፤ ቤቱ የሚሞቀው በሽቦው ብቻ ነውና ዛሬውኑ ወደ «ሂት» ይመለስ። ይህን የማይናገር ማሳሰቢያ ለማን ይጠቅማል?

ወደ ዋጋው እንምጣ። በብርድ ጊዜ ብዙ ጋዝ እንደሚነድ የሚክድ የለም። ግን ፍጆታ እጥፍ ሲሆን ቢሉ እጥፍ ይሆናል እንጂ የአንዱ መስፈሪያ ዋጋ ሰማይ አይነካም። በጃንዋሪ 2018 ብርድ፣ በትራንስኮ ቧንቧ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ የሚመጣው ጋዝ አንዱ ሚሊዮን ቢቲዩ (ጋዝ የሚሸጥበት የሙቀት መስፈሪያ) ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ሉዊዚያና ውስጥ የአገሩ የጋዝ ዋጋ በሚለካበት በሄንሪ ሃብ ከ10 ዶላር በታች ነበር። ጋዙ ከአገር አልጠፋም፤ ቧንቧው ሞላ። የቤት ማሞቂያ ጋዝ አከፋፋዮች ዓመቱን ሙሉ እየከፈሉ በቧንቧው ውስጥ የማይነካ ቦታ ይይዛሉ። ከኃይል ማመንጫዎቹ ብዙዎቹ ግን ይህን ወጪ ሽሽት ቦታ ሲተርፍ ብቻ የሚያሳልፍ ርካሽ ውል ይገባሉ። ብርዱ በሚከፋበት ጠዋት ትርፍ ቦታ የለም፤ ያኔ በቀረችው ላይ ይሻማሉ። ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ የሚነደው ጋዝ ዓርብ ዕለት በአንድ ጥቅል ስለሚሸጥ፣ ሳይገዛ የቀረ ማመንጫ ቅዳሜ ሌሊት ድንገት ቢጠራ ሻጭ ማግኘቱም ያጠራጥራል።

ይህ ዋጋ ወደ መብራት ሲሻገር ስሌቱ ቀላል ነው። ጥሩ የሚባል የጋዝ ማመንጫ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 7 ሚሊዮን ቢቲዩ ያህል ያነዳል። ጋዙ 4 ዶላር ከሆነ የነዳጁ ወጪ 28 ዶላር ነው፤ 100 ከሆነ 700። የ13 ስቴቶችንና የዲሲን የኃይል ገበያ የሚመራው ፒጄኤም ደግሞ በመጨረሻ የተጠራው ውዱ ማመንጫ የጠየቀውን ዋጋ ለሁሉም ይከፍላል። ሜሪላንድ ያለው የካልቨርት ክሊፍስ ኒውክሌር ጣቢያ ቅንጣት ጋዝ አያነድም፤ በዕለቱ ገበያ ግን የሚታሰብለት ያው የጋዙ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን ጋዙ የሚወጣባቸው ጕድጓዶች ነገር ነው። ጋዝ ከመሬት የሚወጣው ውኃ ይዞ ነው። ግፊት ባለበት ቦታ ውኃና ሚቴን ሲገናኙ ቅዝቃዜው ገና ዜሮ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ በረዶ የሚመስል ጓል ይሠራሉ፤ ጋዙ በጠባቡ ቫልቭ ሲያልፍ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ጓሉ እዚያው ይደፍነዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ሜታኖል በትንሽ ፓምፕ መጨመር፣ መስመሩን ማሞቅ፣ ቧንቧውን መሸፈን፣ ከጋዙ የተለየውን ውኃ የሚይዘውን ጋን ብርዱ ሳይመጣ ማስጠረግ። መንገዱ በበረዶ ከተዘጋ ቦቴ አይደርስም፤ ጋኑ ሲሞላ ጕድጓዱ ይዘጋል። በማመንጫውም ግቢ እንዲሁ ነው። የቦይለሩን የውኃ ልክ ለመለኪያው የሚያደርስ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ በውስጡ የቆመው ውኃ በረዶ ሲሆን መለኪያው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ መቆጣጠሪያውም አደጋ መጣ ብሎ በመቶዎች ሜጋዋት የሚቆጠር ማሽን ያጠፋል። ጥቂት ሜትር የማሞቂያ ገመድና መሸፈኛ ይበቃው ነበር።

ይህ ሁሉ ከ2011 የቴክሳስ ብርድ በኋላ በፌዴራል ሪፖርት ተጽፏል። ግዴታ ሳይሆን ምክር ነበርና መደርደሪያ ላይ ቀረ። በፌብሩዋሪ 2021 ያችው ቴክሳስ ጨለመች፤ ስቴቱ ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 246 ነው። በመብራት የሚሠሩ የጋዝ መጭመቂያዎች አስፈላጊ ተብለው ስላልተመዘገቡ መብራታቸው ተቆረጠ፤ ለማመንጫዎቹ የሚሄደውም ጋዝ አብሮ ቀነሰ። ኦክላሆማ ላይ አንዱ ሚሊዮን ቢቲዩ ጋዝ ከ1,000 ዶላር በላይ ተሸጠ፤ ሚኒሶታ ያለው የወገኖቻችን ቤት ሳይቀር ያንን ዕዳ በቢሉ ለዓመታት ከፈለ። በዲሴምበር 2022 ተራው የእኛ ሆነ። በፔንሲልቬንያና በኦሃዮ አካባቢ ካሉት የጋዝ መስኮች የማርሴለስ ምርት 23 በመቶ፣ የዩቲካ 54 በመቶ ወረደ። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ጠዋት ከፒጄኤም አቅም ሩብ ያህሉ አልሠራም፤ ከጎደለው 70 በመቶ ገደማው የጋዝ ነበር። ያጎደለን ነፋስና ፀሐይ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ደጋግመው ያንብቡት።

ታዲያ ማን ከፈለ? ፒጄኤም ባልሠሩት ማመንጫዎች ላይ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቅጣት ጣለ። እነሱም ተከራክረው በድርድር ሲሶ ያህሉን አስቀነሱ። የቀረውም ከደንበኛው ቢል ላይ አልተቀነሰም፤ ከሚጠበቅባቸው በላይ ለሠሩት ጉርሻ ሆኖ ተከፋፈለ። ከዚያ የጋዝ ማመንጫ በብርድ እንደማይታመን ስለተረጋገጠ ማመንጫዎች ሲጠሩ ለመሥራት ቃል ገብተው በሚከፈላቸው የፒጄኤም ጨረታ የሚቆጠርለት አቅም ተቀነሰ፤ ለ2025/26 ተራው የጋዝ ተርባይን የተቆጠረለት 62 በመቶ ነው። የሚቆጠረው አቅም ሲያንስ እጥረት ሆነ፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተሮች ፍላጎት ተጨመረበት፤ በዚሁ ጨረታ የአንድ ሜጋዋት የቀን ዋጋ ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92፣ ከዚያ ወደ 329.17፣ ከዚያም ወደ 333.44 ወጣ። ይህን ከሚቀበሉት መካከል በዚያ ጠዋት አልነሣም ያሉት ማሽኖች ባለቤቶች አሉበት። ባለመሥራታቸው የመጣው እጥረት መልሶ እነሱን ያከብራል!

ጋዝ አከፋፋዮቹ በጋዙ ላይ አናተርፍም፣ የምናስከፍለው የገዛንበትን ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ውድም ርካሽም ቢገዛ ኪሱ የማይነካ ገዢ በሙቀቱ ወራት ርካሹን ጋዝ በከርሰ ምድር ማከማቻ ለመሙላት ምን ያስቸኩለዋል?

ጕድጓዶቹን ለብርድ አዘጋጁ የሚል የፌዴራል ግዴታ ዛሬም የለም፤ ኮንግረስ ያውጣው። ቅጣቱም ለደንበኛው ይመለስ። የየስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የዋጋ ጉዳይ ሲመረምር ከማንኛውም ነዋሪ የጽሑፍ አስተያየት ይቀበላል፤ የሚጽፍ ሰው ተወደደብን ብሎ ብቻ አይመለስ። በጃንዋሪ ካቀረባችሁልን ጋዝ ስንቱ በሙቀቱ ወራት የተከማቸ ነው፣ ስንቱ በዕለት ዋጋ የተገዛ ነው፣ በስንት ተገዛ፣ ውሉን ማን ፈረመ ብሎ ይጠይቅ።