የሸክላ ማጫወቻ ከአሜሪካ ለምታስመጡ

ሸክላ መስማት ለሚጀምሩ የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ጀማሪ ከስፒከሩ በፊት ለመርፌው ይጨነቅ መባሉም ልክ ነው። ግን እዚህ ደሴ ብዙዎቻችን የሸክላ ማጫወቻ የምናገኘው ውጭ ካለ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ ሲመጣ ሰው የሚያወራው ስለ 220 ቮልት ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ይገዛና አለቀ ይላል። አላለቀም! የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር)፣ የእኛ 50 ነው፤ ትራንስፎርመር ይህን አይቀይርም። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ኤሲ ሞተር (በቀጥታ ከግድግዳው በሚመጣው መብራት የሚሠራ) ስላላቸው ፍጥነታቸው በኸርዙ ይወሰናል። በደቂቃ 45 ዙር መዞር ያለበት ሸክላ ወደ 37 ተኩል ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። የድሮውን የአዲስ አበባ ሙዚቃ አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስን ሸክላ እንዲህ ከመስማት ቢቀር ይሻላል። ዲሲ ሞተር (አዳፕተር በሚቀይረው ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ፍጥነቱ በኸርዙ የማይወሰን) ያለው፣ አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ይላክላችሁ። ሙቀት የሚበረታበት ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሸክላውን ከፀሐይ አርቁ፣ ይጣመማል። ስታስቀምጡትም አቁሙት እንጂ አትቆልሉት።