ጉጉት ለማዳን ጉጉት ይገደል?

ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በፓሲፊክ ዳርቻ በተዘረጋው እርጥብ ደን ውስጥ ሁለት የጉጉት ዝርያዎች ተፋጠዋል። አንዱ የጥንቱ ነዋሪ ባለነጠብጣብ ጉጉት ነው። ሌላው ከአህጉሩ ምሥራቅ የመጣው ባለመስመር ጉጉት ነው። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በኦገስት 2024 ያጸደቀው ዕቅድ በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በካሊፎርኒያ ግዛቶች በ30 ዓመት ውስጥ እስከ 450,000 ባለመስመሮች በጥይት እንዲወገዱ ይፈቅዳል። አንዱ ጸሐፊ ይወገዱ ይላል፣ ሌላዋ አይሆንም ትላለች። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ 450,000 የሚለውን ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። እኔም ደንግጫለሁ። ያም ሆኖ ዕቅዱን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ ደኑ ውስጥ ስላለ ከዚያ ልጀምር።

ከውቅያኖሱ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራሮቹን ሲገጥም ዶፍ ይሆናል። በዋሽንግተን ግዛት በኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ያለው የሆህ ደን በዓመት ወደ 3,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ዳግላስ ፈር የሚባለው ዛፍ እዚያ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፤ ሲያረጅ ጫፉ ይሰበራል፣ ግንዱ ይቦረቦራል። ባለነጠብጣቡ ጎጆ ስለማይሠራ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው የሚፈለፍለው። በአብዛኛው ደን ዋና ምግቡ በራሪ ሽኮኮ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። ሽኮኮው ሌሊት ወርዶ ከአፈር በታች የሚያድግ እንጉዳይ እየቆፈረ ይበላል፤ የእንጉዳዩን ዘር በኩሱ ይበትናል፤ እንጉዳዩ ደግሞ ከዛፎቹ ሥር ጋር ተቆራኝቶ ውኃና ማዕድን ያቀብላቸዋል፣ እነሱም በፈንታቸው ስኳር ይሰጡታል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ብትነካ ሌላውም ይሰማዋል።

ባለመስመሩ እዚህ መሐል ነው የገባው። ተለቅ ይላል፣ ኃይለኛ ነው፣ የሚበላውንም አይመርጥም። ሽኮኮ፣ እንቁራሪት፣ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ እንስሳ፣ ቀንድ አውጣ፣ ትንንሽ ጉጉቶች ሳይቀሩ ይበላል። የሚበቃው መሬት ባለነጠብጣቡ ከሚፈልገው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ጥንድ ይኖርበት የነበረ ቦታ ላይ ብዙ ጥንዶች ይሰፍራሉ። ባለነጠብጣቡን ያባርረዋል፣ አንዳንዴም ይዳቀለዋል። የቀረው ደግሞ መጮህ ይቀንሳል፣ እንዳይጠቃ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሽኮኮው የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። እኔም ያንን ደን ስለምወድ ነው የምጽፈው። ግን ታሪኩን ከመሐል ጀመርከው። ባለነጠብጣቡ በ1990 ሥጋት ላይ ያለ ዝርያ ተብሎ ሲመዘገብ ዋናው ምክንያት መጋዝ ነበር። አሮጌው ደን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨፈጨፍ ኖሮ የቀረው ትንሹ ክፍል ነው። ባለመስመሩ አንዲት ዛፍ አልቆረጠም።

ደግሞስ እንዴት መጣ? ማንም በሳጥን ጭኖ አላመጣውም፣ በክንፉ ነው የመጣው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ በአህጉሩ መሐል ያለው ዛፍ አልባ ሜዳ እንደ አጥር ሆኖት ነበር፤ ሰፋሪዎች ሰደድ እሳቱን ሲያጠፉና በየእርሻቸው ዛፍ ሲተክሉ መንገዱ ተከፈተለት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደረሰ፣ ከዚያ ዳርቻውን ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ስለዚህ መንገዱን የከፈትነው እኛ፣ ጥይቱን የሚቀበለው እሱ። ይህ ሆዴን ይበላኛል።

ሌላም አለ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ጥቁር ዓይን። ሌሊት፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ሃያ ሜትር ከፍታ ላይ ያለችን ወፍ በባትሪ አይተህ ስንት ጊዜ ሳትሳሳት ትቀራለህ?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ የጀመረው መጋዝ ነው ስትዪ አልከራከርሽም። ለዚያ እኮ ነው በ1994 ወደ 9.7 ሚሊዮን ሄክታር የፌዴራል መሬት የሚሸፍን የደን ዕቅድ የወጣው። በፌዴራል መሬት ላይ ቆረጣው በጣም ቀነሰ። ጉጉቱ ግን መመናመኑን አላቆመም። ከ1995 ጀምሮ ክትትል ከተደረገባቸው 11 ቦታዎች በ7ቱ፣ ከነበሩት ባለነጠብጣቦች የቀሩት ከ35 በመቶ አይበልጡም።

አሁን ወደ ሙከራው። ተመራማሪዎች በአምስት ቦታዎች፣ በከፊሉ ደን ባለመስመሮቹን አስወገዱ፣ በቀረው ተዋቸው። በጠቅላላው 2,485 ወፎች ተወገዱ። በ2021 በታተመው ውጤት፣ በተወገዱበት ደን ባለነጠብጣቡ በዓመት የቀነሰው በ0.2 በመቶ ብቻ ነበር። ባልተነኩበት ደን በ12.1 በመቶ። በዓመት 12 በመቶ የሚያጣ ዝርያ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው አንቺው አስቢው።

ስለ ስህተት ያልሽው ትክክለኛ ስጋት ነው። ለዚህም ነው ለተራ አዳኝ ያልተፈቀደው። የሚተኩሰው የሠለጠነ ሰው ነው፤ በተቀዳ ድምፅ ይጠራዋል፣ በጩኸቱም በመልኩም ሳይለይ አይተኩስም። ጩኸታቸው ደግሞ በደንብ ይለያል። ፍትሑን በተመለከተ፣ ለእኔም ይከብደኛል። ወፉ ምንም አላጠፋም። ግን ዝም ብንል የሚያልቀው ባለነጠብጣቡ ነው፣ እሱስ ምን አጠፋ? ባለመስመሩ በምሥራቁ አህጉር ሞልቶ ተርፏል። የዳርቻው ባለነጠብጣብ ግን ሌላ አገር የለውም።

ተቃዋሚ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን 0.2 በመቶም ቢሆን መቀነስ ነው። ያ ሁሉ ወፍ ተገድሎ ባለነጠብጣቡ መውደቁን ሊያቆም ተቃረበ እንጂ አልተነሳም። ባዶ የተደረገው ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ከጎረቤት ደን ወጣቶቹ ባለመስመሮች ይገቡበታል፣ እንደገና ይተኮሳል፣ እንደገና ይገባሉ። አምስት ቦታ ላይ የተሞከረን ነገር በሦስት ግዛት ላይ ለ30 ዓመት ማካሄድ ሌላ ነገር ነው።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያን ተመልከት። እዚያ ባለመስመሮቹን ማስወገድ ከተጀመረ ቆየ፣ ባለነጠብጣቦቹን በምርኮ ማራባትም ተሞክሯል። ግን አሮጌው ደን መቆረጡን አላቆመም ነበር፤ በመጨረሻ በዱር መኖሯ የሚታወቅ አንዲት ሴት ጉጉት ብቻ ቀረች። አንዲት! ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። በጥይት የሚወጣው ጉልበትና ገንዘብ በግል ይዞታ ያለውን አሮጌ ደን ለማስጠበቅ ቢውል፣ ሽኮኮውም ሳላማንደሩም አብረው ይድኑ ነበር።

ደጋፊ፦ ደን የሌለው ጉጉት እንደማይኖር እኔም አምናለሁ። ደኑን ትቶ ጥይት ብቻ የሚል ሰው ካለ ከአንቺ ጋር ቆሜ እቃወመዋለሁ። 0.2ቱ ላይ ግን ትንሽ ታገሺ። የሚፈለፍሉት ጥንዶች በጣም ተመናምነው ሳለ ነው ሙከራው የተጀመረው፤ ይህ ወፍ ደግሞ በየዓመቱ የሚፈለፍል አይደለም፣ ሲፈለፍልም አንድ ወይም ሁለት ጫጩት ነው። ቶሎ እንዲበዛ መጠበቅ አይቻልም።

ደግሞ ዕቅዱ ደኑን ሁሉ አያካልልም። በተመረጡ ቦታዎች ነው። በካሊፎርኒያ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ባለመስመሮቹ ገና ጥቂት እያሉ ነበር የተወገዱት፤ የዳርቻው ባለነጠብጣብ የቅርብ ዘመድ የሆነው የካሊፎርኒያው ባለነጠብጣብ ከለቀቃቸው ቦታዎች ብዙዎቹን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሶ ያዘ። በጊዜ የተደረሰበት ቦታ ላይ ሥራው ትንሽ ነው፣ የሚሞተውም ወፍ ጥቂት ነው።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ባለመስመሩ ገና በሚገባበት በደቡቡ ጫፍ፣ ጥቂት ወፎችን በጊዜ ማስወገድ በኋላ ብዙ ሺህ ከመግደል ይሻላል። በዚያ እስማማለሁ። በኦሪገን የባሕር ዳርቻ ተራሮች ግን አልስማማም። እዚያ ባለመስመሩ ሰፍሮ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ደኑ የእሱም ሆኗል። በ31ኛው ዓመት ተኩሱ ሲቆም እዚያ ምን ይሆናል?

ደጋፊ፦ በ31ኛው ዓመት፣ በ1994 ቆረጣው ቆሞላቸው ማደግ የጀመሩት ችግኞች ገና 60 ዓመት ይሆናቸዋል። ለጉጉት የሚሆን ቡርቡር ለማውጣት ገና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄሽ ሙሉ መልስ የለኝም። ዛፎቹ እስኪደርሱ ግን የሚገባባቸው ወፍ በሕይወት እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ በኦሪገንም ጭምር።