ክብር ለአቡጊዳ ጠበቆች

ጎንደር ውስጥ ስለ ፊደል የሚያስረዳኝ ሰው አጣሁ የሚል ካለ፣ ፒያሳ ወርዶ አንድ ማኪያቶ ይዘዝ። ማኪያቶው ሳይደርስ ትምህርቱ ይደርሳል። «የእኛ እኮ አልፋቤት አይደለም፤ አቡጊዳ ነው!» ይለዋል አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት። ማንም ሳይጠይቀው። እንዲህ ዕውቀቱን በነፃ የሚበትን ትውልድ የት ይገኛል?

ደግሞ ልክ ነው። ግሪክና ላቲን አልፋቤት ናቸው፤ ተነባቢውም አናባቢውም የየራሱ ፊደል አለው። ዐረብኛና ዕብራይስጥ የሚጻፉበት አብጃድ ይባላል፤ በዋናነት ተነባቢውን ጽፎ ሌላውን ለአንባቢው ይተዋል። የጃፓን ካና ሲላበሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ራሱን የቻለ ምልክት አለው፤ «ካ» እና «ኪ» በመልክ ዘመድ አይመስሉም። የእኛ በ፣ ቡ፣ ቢ ግን ያው አንዱ በ ነው፤ እግሩ ላይ እየተቀጠለለት ድምፁን ይለውጣል። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ በ1990 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ስም ሲያወጣ «አቡጊዳ» ያለው ከእኛው ወስዶ ነው። የቄስ ተማሪ ቤት ልጆች «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚሉትን። ዛሬ የህንዱ ዴቫናጋሪም በዚሁ ስም ይጠራል። የፒያሳው ጠበቃችን ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያንበለብለዋል። አፉ ማር ነው።

ሲጨርስ ስልኩን ያወጣል። ከሀ እስከ ፐ የተደረደረበት ቲሸርት ለብሷል። ጓደኛው መልእክት ልኮለታል፤ ይመልሳል። በላቲን ፊደል።

አድናቆቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሕዝብ በፊደሉ ይጽፋል፤ ይህ ምን ይደንቃል? የእኛ ሰው ግን ፊደሉን ይለብሰዋል፣ ክንዱ ላይ ይነቀሰዋል፣ ባጃጁ ላይ ይለጥፈዋል። ሊጽፍበት ግን አይደፍርም። ቅርስ ነዋ! በቅርስ «ምሳ በላህ?» ተብሎ ይጻፋል? ፋሲል ግንብ ውስጥ ልብስ የሚያሰጣ አለ እንዴ?

የዚህ አክብሮት ፍሬ አዘዞ ድረስ ይታያል። የጠበቃችን እናት እዚያ ናቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት ናቸው፤ ዛሬም መነጽራቸውን ካገኙ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ያነባሉ። ላቲን ግን አያውቁም። ልጅ ሆዬ «እናቴ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ በላቲን ላከላቸው። የጎረቤት ልጅ ተጠራና እንዲያነብ ስልኩ ተሰጠው። ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጎበዝ ነው።

«እማማ፣ ‹ነገ እመታለሁ› ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«አልጻፈውም።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ካጠበቅነው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ራሱ ሊመታ ነው» አላቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚደውልላቸው ሰው ፍለጋ ወጡ። «ልጄ፣ ከማን ተጣላህ?»

ላቲን ላይ ጠ የለም፤ ጠም ተም አንድ ቲ ውስጥ ይታጨቃሉ። ጨ፣ ጰ እና ጸም መጠጊያ የላቸውም። ግን ይህ ኪሳራ ነው ያለ ማነው? ጎንደር እኮ የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ ሊቃውንት «አንድም፣ አንድም» እያሉ የተሟገቱባት ከተማ ናት። ለመጻሕፍት ብቻ የነበረው ጥበብ በእነዚህ ልጆች ጥረት ወደ ስልክ ወርዷል። አንድም እመጣለሁ፣ አንድም እመታለሁ፣ አንድም ይመቱኛል። እንዲህ ያለ ምሥጢር በሦስት ቃል መልእክት ውስጥ ማስቀመጥ የማን አቅም ነው?

ጠበቃችን አንድ ሌላ መፈክር አለው። «በፊደላችን የተጻፈ ሁሉ እንደተጻፈ ይነበባል፤ እንከን የለውም!» ይላል። አድንቁልኝ። «ገና» የሚለውን ሲያነብ በዓሉ ይሁን «ቆይ» ማለት ይሁን ከፊደሉ አያውቅም፤ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። «አለ» ሲባልም ሰውየው ተናገረ ወይስ አለ፣ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚገምተው። ልጁ ለእማማ የነገራቸውም ይህንኑ ነበር፤ በሦስተኛ ክፍል ዕውቀቱ። በዚያ ላይ ግዕዝ ውስጥ በድምፅ ይለያዩ የነበሩት ሀ፣ ሐ እና ኀ አማርኛ ላይ ሞክሼ ሆነው ቀርተዋል። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ «ጸጉር ቤት»፣ አንዱ «ፀጉር ቤት»፣ አንዱ «ጠጉር ቤት» ብሎ ይሰቅላል። ቁርጡ ግን አንድ ነው። ይህን ብትነግሩት «አንተ የፊደላችን ጠላት ነህ!» ብሎ ይቆጣል። ቁጣውን የሚጽፍላችሁም በላቲን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሲጠየቅ «ስልኬ አማርኛ የለውም» ይላል። እኔ በበኩሌ ይህን ሰበብ እንደ አክሱም ድንጋይ ጽሑፍ በክብር ነው የማየው፤ ዕድሜው የተከበረ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጠበቃችን ያን ጊዜ ምናልባት ጡት እየጠባ ነበር። ዛሬ የአማርኛ ኪቦርዱን ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ነው። ፊደሉን ጫን ስታደርጉት ሰባቱም ቤተሰብ ከተፍ ይላል። ይህን ሲያሳዩት ሰበቡን ያድሳል። «አዎ፣ ግን ይዘገያል። እኔ ጊዜ የለኝም።»

እንቁጠርለት እንግዲህ። «እመጣለሁ» በእኛ ፊደል 5 ነው፤ እ፣ መ፣ ጣ፣ ለ፣ ሁ። እሱ በሚጽፈው ላቲን 9 ነው። ሲቸኩል 9፣ ሲዘገይ 5። ይህን ሒሳብ ለመፍታት አቡጊዳ የቆጠረ አይበቃም፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ይፈለግለት።