ለሚስ ማር ሰጠናት

መስከረም ሲቃረብ ጅማ በባነር ትሞላለች። የግል ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ነው። ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱን አነበብኩ። «የውጭ አገር መምህራን አሉን» ይላል፣ በትልቁ። ከሥሩ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። ስለ አገር ልጆቹ መምህራን አንድም ቃል የለውም። ይሁን፣ ንግድ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያቺ ሴት ፎቶዋ ከተሰቀለ በኋላ እውነቱን የሚነግራት ማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤትም አንዲት የውጭ አገር መምህርት አለች። ሁላችንም «ሚስ» እንላታለን። ህንዳዊት ናት፣ ከኬረላ። አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛና ሒሳብ ታስተምራለች። እኔ ከጎኗ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። መሀላችን ያለው ኮምፔርሳቶ ነው። ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ፈረንጅ ናት ወይስ አይደለችም ብለው ተከራከሩ። አልተስማሙም። በመጨረሻ «ሻሩክ ካንን ታውቂዋለሽ?» ብለው ጠየቋትና ክርክሩ ተረሳ።

የህንድ መምህር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። እ.አ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጡ። አባቴ እስከ ዛሬ ማባዛት የሚወጣው በህንዳዊ አስተማሪው ቅላፄ ነው። «ቱ ቱዛር ፎር» ይላል፣ በኩራት። እና የውጭ መምህር መቀበል እናውቅበታለን። ችግሩ ከተቀበልን በኋላ ነው።

ስለ ውጭ አገር ሰው ኑሮ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምግብና ሰዓት ነው። የሚስ ችግር እሱ አልነበረም። «8 ሰዓት ስብሰባ አለ» ሲባል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተገኘች፤ ተሳቀ፣ አለፈ። እንጀራውንም ቶሎ ለመደችው። በአገሯ አፓም የሚሉት ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ነገር አላቸው። ገበያ ስትወጣ «ጋለቶማ» ትላለች፤ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ቀድሞ ነው የመጣው። መብራት ሲጠፋ ሻማዋን አውጥታ ደብተር ታርማለች።

ችግሩ ስም ጥሪ ላይ ጀመረ። ሚስ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም መሰላት። ክፍሏ ውስጥ ደግሞ የአባታቸው ስም በ«አባ» የሚጀምር አራት ልጆች አሉ። ጅማ ነዋ። የፈረስ ስም ነው። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው አባ ጅፋርም በፈረሳቸው ስም ነው የሚጠሩት። ሚስ ግን አራቱን የአንድ ቤት ልጆች አደረገቻቸው። አንዱ ሲቀር ሌላውን «ወንድምህ የት ሄደ?» ትለዋለች። ልጁም ላለማሳፈር ነው መሰለኝ «ታሟል» ይላታል። ይህ ነገር ሁለት ወር ቆየ። እኛ ሻይ ስንጠጣ እያነሳነው እንስቅ ነበር። በክፋት አይደለም። ግን አንዳችንም ሄደን «ሚስ፣ እዚህ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ ልጁን በራሱ ስም ጥሪው» አላልናትም።

ዝናቡ ግን የባሰ ነበር። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የክፍሎቻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲጀምር የቆየ መምህር ማስረዳቱን ያቆማል። ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ያነባሉ። ይህ የትም መመሪያ ላይ የለም። እኔም የተማርኩት ከጎረቤት ክፍል መምህር ነው፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን።

ሚስ ትጮሃለች። ኬረላም የዝናብ አገር ነው፣ ዝናብ አያስደነግጣትም። ከቆርቆሮው ጋር ነበር ትግሏ። በኮምፔርሳቶው በኩል «ሰቨን ኤይትስ!» ስትል ይሰማኛል። ዝናቡ ሲብስ እሷም ትብሳለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የስ ሚስ!» ይላሉ። ምን እንደተባለ አልሰሙም። ደወል ሲደወል ሁለት ሦስቱ ደብተራቸውን ይዘው እኔ በር ላይ ይቆማሉ። «ቲቸር፣ ሚስ ያለችው ምንድን ነው?» እኔም አስረዳቸዋለሁ። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

በሳምንቱ ድምጿ ተዘጋ። እኛስ ምን አደረግን? ብር አዋጥተን ከሕርማታ አንድ ኪሎ ማር ገዛንላት። የጅማ ማር፣ ያውም ነጩን። አመስግና ተቀበለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኛም ደግ ሰዎች እንደሆንን እየተሰማን ወደየክፍላችን ገባን።

ይሉኝታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። አዲስ መምህር ከቦንጋ ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን «ስማ፣ እንደሱ አይደለም» እንለዋለን። ይቀየመን ይሆን ብለን እንኳ አናስብም። የውጭ ሰው ሲሆን «ቬሪ ጉድ ሚስ» ብቻ። እንደ ንጉሥ ነው የምናያት፤ ንጉሥን ደግሞ ማን ያርማል?

ደግሞ «ደሞዛቸው ከእኛ ይበልጣል፣ ራሳቸው ይወጡት» የሚል ባልደረባ አለን። ቅሬታው ይገባኛል፤ እኔም የወር መጨረሻ ላይ ብልጭ ይልብኛል። ግን በዝምታችን የተጎዳው የአራተኛ ክፍል ልጅ ስለ ደሞዝ ስኬል ምን ያውቃል? ሚስም ብትሆን ለጉብኝት አልመጣችም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለ3 ዓመት ቢሰጥም በየዓመቱ መታደስ አለበት። ወረቀቷን ይዛ ስትንከራተት አይቻታለሁ። እንደ ማንኛችንም ሠራተኛ ናት።

ይህ የገባኝ የካቲት ላይ ነው። የአንድ ባልደረባችን እናት አጋሮ አረፉ። ሚኒባስ ተከራይተን ቅዳሜ ለቅሶ ደረስን። ሚስን አልጠራናትም። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ባልደረባችን ቦታው ላይ የለም። ጠየቀች። የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው የነገሯት። በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኔም እናት አለኝ እኮ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። «እኮ»ን ከማን እንደተማረች አላውቅም።

የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወጣሁት። የ«አባ»ን ነገር፣ ዝናቡን፣ «የስ ሚስ» ማለት ሁልጊዜ ገብቶናል ማለት እንዳልሆነ። ይሳቅ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ማሩ ለዚያ ነው እንዴ?» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ባለ ለቅሶው ቤት ይዣት ሄድኩ። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ንፍሮ ዘገነች። ማንም ቬሪ ጉድ አላላትም።

ባነር የሚሰቅሉ ትምህርት ቤቶችን የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ለመጣችው መምህርት ከጎኗ ያለውን መምህር መድቡላት። ሥራው ሲሳሳቱ «ተሳስተሻል»፣ ሲሞት «ሞቷል» ማለት ብቻ ነው። የደሞዝ ጭማሪ አያስፈልገውም። ባይጠላም።

አንድ ነገር ግን ልናገር። መታረም የሚጥም ነገር አይደለም። ሰኔ ላይ ለአምስተኛ ክፍል ያወጣሁትን ፈተና ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ሰባት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። እንግሊዝኛዬን ነው። ማንም አልጠየቃትም። እስከ ሰኞ አኮረፍኳት።