የእንግሊዝኛ አራሚዎች ሆይ፣ ዋናውን ስህተት አርሙ

ሰው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር በጻፈ ቁጥር አራሚው ከየት ነው የሚመጣው? ሐሳቡን አያነብም። ሰውየው ሥራ ይፈልግ፣ ሐዘኑን ይንገር፣ ግድ የለውም። «ሌስ» ሳይሆን «ፊወር» ነው (ሁለቱም «ያነሰ» ማለት ናቸው) ብሎ ይሄዳል። ከሥሩ ሳቂው ይሰለፋል። በጣም ነው የመረረኝ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ኃላፊ አለ። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንደ «ዊዝ» ወይም «ፎር» ባለ መስተዋድድ ካለቀ ሪፖርቱን ይመልሳል። ባለፈው አንድ ጀማሪ ባልደረባችን ስለ በጀት ጉድለት ሊያስረዳ ሲነሣ በዚሁ ጉዳይ አቋረጠው። ልጁ ዋናውን ነገር ሳይናገር ተቀመጠ። ለመሆኑ ይህ «ሕግ» ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1672 እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ድራይደን ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን በዚህ ነቀፈው። ቤን ጆንሰን ያኔ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንግሊዞቹ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያው ሲጽፉ ኖረዋል። እዚህ ግን የሰው ልጅ ይሸማቀቅበታል።

ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» እንጂ «ሌስ» አይባልም የሚለውም እንደዚሁ ነው። ለሚቆጠር ነገር «ሌስ» ማለት በእንግሊዙ ንጉሥ አልፍሬድ ዘመን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ «ፊወር» ቢባል ይሻላል ብሎ ምርጫውን ጻፈ። ምርጫው ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ። ለፈተናና ለደብዳቤ «ፊወር» ጻፉ፣ እኔም እጽፋለሁ። ግን በ«ሌስ» ምክንያት መልእክት ተዛብቶበት የከሰረ ሰው አላየሁም።

ለአንድ ሰው «ዘይ» (እነሱ) ማለትም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። እኛማ ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር። «አባባ መጡ» ስንል የመጣው አንድ ሰው ነው፣ ግሱ ግን የብዙ ነው።

ፊደሉ ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ ልጆቹን ነው የሚጎዳው። ልጁ በስልኩም በፊልሙም የሚያየው የአሜሪካኑን አጻጻፍ ነው። «ከለር»ን (ቀለም) እንደ እንግሊዞቹ በ«ዩ» ሳይሆን ያለ «ዩ» ሲጽፍ መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል። አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖህ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1828 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያስገባውን አጻጻፍ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። አንዱን ምረጥና እሱኑ ይዘህ ቀጥል ቢለው በቂ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰውን በእውነት የሚጎዳው ስህተት ሲያልፍ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ሥራ ፈላጊው «ጠንክሬ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ወርክ ሀርድሊ» ብሎ ይጽፋል። ቀጣሪው የሚያነበው «እምብዛም አልሠራም» የሚል ነው። ልጁ ለምን እንዳልተጠራ እንኳ አያውቅም።

«አንቲል» እና «ባይ» ደግሞ ይብሳሉ። በአማርኛ ሁለቱም «እስከ» ናቸው። «እስከ ዓርብ ጠብቀኝ»፣ «እስከ ዓርብ ላክልኝ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ቀነ ገደብ «ባይ» ነው። «አንቲል» እስከዚያ ቀን ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ነገር ነው። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ «ሰነዱን አንቲል ዓርብ እንልካለን» ብሎ የጻፈ ሰው፣ እስከ ዓርብ ስንልክ እንሰነብታለን እያለው ነው። ይህ ገንዘብም ውልም ያስከፍላል።

«አበድረኝ» ለማለት «ቦሮው ሚ» የሚለውንም እዩት። ተበደረ እና አበደረ በአማርኛ ጥርት ብለው የተለዩ ናቸው። ተማሪው ልዩነቱን በገዛ ቋንቋው ያውቀዋል። «ቦሮው» መበደር፣ «ሌንድ» ማበደር ነው የሚለው ሰው ቢገኝ ወዲያው ይገባዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ልጅ አፉን በከፈተ ቁጥር ከተሳቀበት እጁን ማውጣት ይተዋል። ያልገባውን አይጠይቅም። ፊዚክሱም በዚያው ያመልጠዋል።

ማረም የምትፈልጉ ሰዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉ። ትርጉሙን ከሚያበላሸው ጀምሩ። ለምን እንደተሳሳተ ንገሩት። ምክንያቱን የማታውቁት ከሆነ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ግለጡ። ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰውየው ተናግሮ ይጨርስ።